ዶክተር ፖል ያንሰንና የአይጦቹ ምስክርነት

ባለፈው ምዕተ ዓመት በመድኃኒት ምርምር ስማቸው ጎልቶ ከተጠራው ሊቃውንት አንዱ ቤልጂየማዊው ሐኪም ዶክተር ፖል ያንሰን ናቸው። የተወለዱት በ1926 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቱርንሀውት ከተማ ነው። አባታቸው ሐኪምና የመድኃኒት ነጋዴ ነበሩ። እርሳቸውም በናሙር፣ በሉቨንና በጌንት ተምረው በ1951 በሕክምና ተመረቁ። በ1953 ከአባታቸው 50,000 የቤልጂየም ፍራንክ ተበድረው አነስተኛ የምርምር ክፍል አቋቋሙ።

የሥራቸው ዘዴ ግልጽ ነበር። የአንድን የታወቀ መድኃኒት ቅንብር በጥቂቱ እየለወጡ አዳዲስ ውሁዶችን መሥራት፣ ከዚያም እያንዳንዱን በእንስሳት ላይ መፈተን ነው። በመጀመሪያ የፈለጉት ከፔቲዲን የበለጠ ኃይል ያለው የሕመም ማስታገሻ ነበር። ከውሁዶቹ አንዱ ሲሰጣቸው ግን አይጦቹ ያልተጠበቀ ነገር አሳዩ። በመጀመሪያ ሞርፊን እንደ ተሰጣቸው ሆኑ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ረጋ አሉ፤ ባስቀመጧቸው ሁኔታም ሳይንቀሳቀሱ ቀሩ። ይህ ካታሌፕሲ የሚባለው ምልክት ከ1952 ጀምሮ በፓሪስ ለአእምሮ ሕሙማን ይሰጥ የነበረው ክሎርፕሮማዚን በእንስሳት ላይ ከሚያሳየው ጋር ተመሳሳይ ነበር። ያንሰንም ሞርፊን መሰሉን ጠባይ አስወግደው ሁለተኛውን ለማጉላት ተነሡ። በየካቲት 1958 ሃሎፔሪዶል ተሠራ፤ በዚያው ዓመት በሊዬዥ ለሕሙማን ተሰጠ።

መድኃኒቱ በእንስሳት ሥርዓተ ነርቭ ላይ የሚያደርገው በበርካታ ፈተናዎች ታየ። አምፌታሚን የተወጉ አይጦች ያለ ዕረፍት ያሸታሉ፣ ያኝካሉ፤ ሃሎፔሪዶል ይህን ይገታል። አፖሞርፊን የተሰጠው ውሻ ያስመልሰዋል፤ ሃሎፔሪዶል አስቀድሞ ከተሰጠው ግን አያስመልሰውም። ምክንያቱን ለመረዳት መንገድ የከፈቱት ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ናቸው። በ1963 ከባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን በተሰጣቸው አይጦች አንጎል ውስጥ የዶፓሚንና የመሰሎቹ ዝቃጮች እንደሚበዙ አሳዩ። የግምታቸው ፍሬ ነገር፣ መድኃኒቱ የመልእክቱን ተቀባይ ስለሚዘጋ፣ መልእክት ላኪው የነርቭ ሕዋስ ጉድለቱን ለማካካስ አብዝቶ ይሠራል የሚል ነበር። የኋላው ምርምርም ይህን ዋና ሐሳብ አጸናው።

ይሁን እንጂ የአይጦቹ ምስክርነት ሁለት ፊት ነበረው። ዶፓሚን የአካል እንቅስቃሴንም የሚመራ በመሆኑ፣ በእንስሳው ላይ የመድኃኒቱ ማወቂያ የሆነው መገተር በሕመምተኛው ላይ የጡንቻ መድረቅና መንቀጥቀጥ ሆኖ ታየ። ለረጅም ጊዜ በወሰዱት ላይ ደግሞ ከፈቃድ ውጭ የሆነ የአፍና የምላስ እንቅስቃሴ የሚያስከትልበት ጊዜ አለ። ካታሌፕሲን የጥሩ መድኃኒት መለኪያ አድርጎ የያዘ ተመራማሪ ጉዳቱንም አብሮ ይመርጥ ነበር። ክሎዛፒን አይጦችን እምብዛም ሳያገትር ሕሙማንን መርዳቱ የመለኪያውን ጠባብነት አጋለጠ።

ያንሰንም በአንድ ግኝት ረክተው አልተቀመጡም። በ1984 ቤተ ሙከራቸው ከዶፓሚን ሌላ የሴሮቶኒንን ተቀባይ የሚዘጋውን ሪስፔሪዶን ሠራ። ይህ መድኃኒት በመጠነኛ ልክ ሲሰጥ የሚያስከትለው መገተር ቢቀንስም መጠኑ ሲጨምር ችግሩ ይመለሳል። ለከባድ ሕመም ማስታገሻ የሚሆነው ፌንታኒልና አሳማዎች እንዳይናከሱ የሚያረጋጋው አዛፔሮንም የዚሁ ቤተ ሙከራ ፍሬዎች ናቸው።

ዶክተር ያንሰን በ2003 ሮም ከተማ ሳሉ አረፉ። ሃሎፔሪዶል ግን ዛሬም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ለባለሙያው የተዉት ትምህርት፣ እንስሳው የሚያሳየውን በትዕግሥት ማየት እንደሚገባ ነው። የመድኃኒቱ ታሪክ የጨመረበት ትምህርት ደግሞ፣ ፈዋሹና ጎጂው በአንድ ምልክት ውስጥ ተሰውረው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ መሆኑን ነው።