ከቅጠል ወደ ጫፍ የሚሄደው መልእክት

አንድ ተክል የሚያብብበትን ጊዜ በምን ያውቃል ብትባሉ፣ በዝናብ ወይም በሙቀት ነው ትሉ ይሆናል። እሱም ድርሻ አለው። ለብዙ ተክሎች ዋናው ምልክት ግን የቀንና የሌሊት ርዝመት ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀናችን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። በሞስኮ ግን በሰኔ ከ17 ሰዓት ያልፋል፤ በታኅሣሥ ወደ 7 ሰዓት ይወርዳል።

ዛሬ የምናነሳላችሁ ሊቅ የሠሩት በዚያች ከተማ ነው። ሚኻይል ቻይላኽያን አርመናዊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1902 የተወለዱት በደቡብ ሩሲያ፣ ከክራይሚያ ተነሥተው የሠፈሩ አርመኖች በቆረቆሯት የዶን ወንዝ ዳር ከተማ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገቡት በአርመን፣ በየሬቫን ነበር።

ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1920 አንዳንድ ተክል ቀኑ ሲያጥር፣ ሌላው ሲረዝም እንደሚያብብ አሳይተው ነበር። (ተክሉ ይበልጥ የሚለካው ሌሊቱን መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው።) ቻይላኽያን የጠየቁት ሌላ ነው፤ የቀኑን ርዝመት የሚያውቀው የትኛው የተክሉ ክፍል ነው?

ክሪሳንተመም የሚባለውን አበባ ወሰዱ። ይህ የሚያብበው ቀኑ ሲያጥር ነው። የላይኞቹን ቅጠሎች ቀነጠሱና ጫፉን ለረጅም ቀን ተዉት፤ የታችኞቹን ቅጠሎች ብቻ እየሸፈኑ አጭር ቀን ሰጧቸው። ጫፉ አበበ! ገልብጠው ለጫፉ አጭር፣ ለቅጠሎቹ ረጅም ቀን ሲሰጡ ግን አላበበም። አያችሁ፣ ብርሃኑን የሚያየው ቅጠሉ ነው፤ የሚያብበው ሌላ ቦታ ነው። እንግዲያው ከቅጠል ወደ ጫፍ የሚሄድ ነገር አለ ማለት ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ስም አወጡለት፤ ፍሎሪጅን፣ አበባ አስገኚ እንደ ማለት ነው።

መከራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሶቭየት ኅብረት የእርሻ ሳይንስ፣ በስታሊን ድጋፍ፣ በትሮፊም ሊሴንኮ እጅ ገብቶ ነበር። ተከታዮቹ በቻይላኽያን ሐሳብ ላይ ዘመቱ። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ በ1927 ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው የእህል ዘር የሰበሰቡት ታላቁ ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ ሊሴንኮን ተቃውመው በ1943 እስር ቤት ውስጥ ሞተዋል። ቻይላኽያን ግን ሐሳባቸውን አልተዉም።

እኔን የሚገርመኝ የሚቀጥለው ነው። ሊሴንኮ ከወደቀም በኋላ ፍሎሪጅንን ከተክል አውጥቶ ማሳየት የቻለ አልነበረም። ብዙ ተመራማሪዎች ተስፋ ቆረጡ። እርሳቸው ግን እስከ እርጅናቸው ሲሠሩ ኖረው፣ ነገሩን በዓይናቸው ሳያዩ በ1991 ዐረፉ።

በ2007 በጀርመንና በጃፓን ያሉ ተመራማሪዎች በአንዲት ትንሽ አረምና በሩዝ ላይ ሲሠሩ፣ ቅጠል ውስጥ ተሠርቶ እስከ ጫፍ የሚጓዝ ፕሮቲን አገኙ። ዛሬም የሚጠራው ቻይላኽያን ባወጡለት ስም ነው።