አበበ ቢቂላና የእኔ የጳጉሜን ዕቅድ

ጳጉሜን በመጣ ቁጥር አንድ ወረቀት አወጣለሁ። አናቱ ላይ የመጪውን ዓመተ ምሕረት እጽፍና ከሥሩ ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር እደረድራለሁ። ክብደት መቀነስ፣ በጠዋት መነሳት፣ ስፖርት መሥራት፣ ጨው ማሳነስ... እያለ ይቀጥላል። በቀደም አንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ የዛሬ ስንት ዓመት የጻፍኩትን ዝርዝር አገኘሁና ካምናው ጋር ሳስተያየው ከዓመተ ምሕረቱ በስተቀር ምንም ለውጥ አጣሁበት። በእኛ ሙያ ጉዳዩን የማይከታተል ባለጉዳይ መዝገቡ ይዘጋበታል። የእኔን መዝገብ የሚዘጋ ዳኛ ግን ጠፍቶ ከርሟል።

ዘንድሮ ዳኛው ተገኘ፤ ሐኪም ናት። ሰኔ አጋማሽ ላይ ለምርመራ ብሄድ የደም ስኳሬ ድንበሩ ላይ መድረሱን ነገረችኝ። መድኃኒት ከማዘዟ በፊት የሦስት ወር ቀጠሮ ሰጠችኝ። በእነዚህ ሦስት ወራት በየቀኑ እንድራመድ፣ ገበታዬንም እንዳስተካክል አዘዘች። ታላቅ ወንድሜ በዚሁ ሕመም ሁለት የእግር ጣቶቹን ማጣቱን ስነግራት ዝም ብላ አየችኝ። ዝምታዋን እንደ ማስጠንቀቂያ ነው የተቀበልኩት።

መጀመሪያ የሠራሁትን ስሕተት ልናዘዝ። በማግሥቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ተገኘሁ። ተማሪ ሳለሁ እንደማደርገው የአደባባዩን ደረጃዎች በሩጫ እወጣ እወርድ ጀመር። ጉልበቴ ያንን ዘመን የሚያስታውስ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ረስቶታል። በሦስተኛው ቀን አብጦ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤት አስቀመጠኝ። ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት በቅጡ ማንበብ የጀመርኩት ያን ጊዜ፣ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ነው።

አበበን በአካል አላውቀውም። እሱ ሲያርፍ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበርኩ። አባቴ ግን ቀብሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሳሎናችን ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ ብሎ የአበበ ፎቶ ተሰቅሎ ነው ያደግነው። ያም ሆኖ ስለ ሰውየው የማውቀው ነገር፣ እንደ ብዙዎቻችን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነበር፤ በባዶ እግሩ ሮጦ ሮም ላይ አሸነፈ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ይህንን ብቻ እያልን ስንደጋግም ሰውየውን ተአምር እናደርገዋለን። ተአምር ደግሞ ይደነቃል እንጂ አይኮረጅም። እስቲ ማስረጃውን ከመጀመሪያው እንመልከት።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ በምትገኘው ጃቶ ነው። የሚገርመው፣ በዚያው ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ልጅነቱን እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ በእረኝነትና በገና ጨዋታ አሳለፈ። ወጣት ሳለ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ክቡር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ እሱ አልነበረበትም። ሲነገር እንደምንሰማው ግን፣ የአገራቸው ስም ጀርባቸው ላይ የተጻፈ ቱታ የለበሱትን ስፖርተኞች በሰልፍ ላይ አይቶ ማንነታቸውን ከጠየቀ በኋላ ነው እሱም እንደነሱ ለመሆን ቁርጥ ሐሳብ ያደረገው። ወረቀት ላይ አልጻፈውም፤ አሥር ቁጥርም አልደረደረም። ዕቅዱ አንድ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ተአምር የሌለበት፣ ድካም ብቻ ያለበት ታሪክ ነው። ሱሉልታና አዲስ አበባን በእግሩ እየሮጠ ይመላለስ እንደነበር ይተረካል። በዘመኑ ስሙ ገናና የነበረውን ዋሚ ቢራቱን ለመርታት ዓመታት ፈጅቶበታል። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ዓይኑን ሲጥልበትም ያየው ልቡንና ሥርዓቱን ነበር።

ሮም የደረሰው በ28 ዓመቱ ነው። እዚያ የተገኘው አዲስ ጫማ እግሩን አልተመቸውም። በባዶ እግሩ መሮጥን ግን ለምዶታል፤ ስለዚህ የማይመች ጫማ አድርጎ ከመቁሰል የለመደውን መረጠ። ውሳኔው ጀብዱ አልነበረም። ሰውየው የገዛ እግሩን ያውቅ ነበር፤ በቃ።

ስለዚያ ምሽት ከአንድ ነገር በላይ ያስደነቀኝ የለም። ከኒስካነን ጋር በተመካከሩት መሠረት ሊጠነቀቀው የሚገባው ተፎካካሪ ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር፤ ቁጥሩም 26 ነው ተብሎ ተነግሮታል። ራዲ ግን ለማራቶኑ የተሰጠውን ቁጥር ሳይወስድ 185 ቁጥርን ለብሶ ነበር የተሰለፈው። እናም አበበ 26 ቁጥርን ፍለጋ ሯጩን ሁሉ እያለፈ ሲገሠግሥ፣ ጎን ለጎን አብሮት የሚሮጠው 185 ቁጥር ራሱ ራዲ መሆኑን አያውቅም ነበር። የአፒያን ጥንታዊ መንገድ በችቦ በርቷል፤ ችቦውን የያዙት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ከአክሱም ተወስዶ ሮም የቆመው ሐውልታችን ባለበት አካባቢ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ። ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲደርስ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር፤ የዓለም ምርጥ ሰዓት። ራዲ 25 ሰከንድ ያህል ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ሐውልቱ ራሱ ወደ አክሱም የተመለሰው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1997 ዓ.ም. ነው።

አሁን ቀኑን ልብ በሉልኝ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር። የዘመን መለወጫ ዋዜማ! እኛ ለአዲሱ ዓመት ዕቅድ በምንጽፍበት ምሽት አበበ የእሱን ፈጽሞ አደረ።

የ1953ቱ ዓመት ግን እንደ ዋዜማው አልቀጠለም። ታኅሣሥ ላይ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ የመሩት መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈና ያ ሠራዊት ፈረሰ። አበበ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ወጥቶ ሩጫውን ቀጠለ። በ1953 ዓ.ም. አቴንስና ኦሳካ፣ በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ ኮሺትሴ ላይ አሸነፈ። በ1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ ግን አምስተኛ ወጣ። ይህንን ቦስተንን ብዙ ጊዜ አንጠቅሰውም። እኔ ግን ወድጄዋለሁ፤ ተአምር አምስተኛ አይወጣምና።

ቶኪዮ ስትቃረብ ትርፍ አንጀት ታሞ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ውድድሩ ሊደርስ የቀረው አምስት ሳምንት ያህል ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ጫማ አድርጎ ሮጠና 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። የኦሊምፒክ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከሮሙ ሰዓት በሦስት ደቂቃ የተሻለውን ይህንን ሰዓት በጫማ ማምጣቱ የባዶ እግሩን ክርክር የሚዘጋው ይመስለኛል። ምሥጢሩ እግሩ ላይ አልነበረም።

ቶኪዮ ላይ ሌላም ነገር ሆነ። አበበ መስመሩን ካለፈ በኋላ ሌሎቹ ገና በመንገድ ላይ ሳሉ ሣሩ ላይ ተንጋልሎ ጂምናስቲክ ይሠራ ጀመር። ስታዲየሙ ሙሉ ሰው አፉን ከፍቶ ያየዋል። የቢሯችን ሊፍት በተበላሸ ቁጥር አራት ፎቅ ወጥቼ ወንበር ላይ ስወድቅ ይህ ነገር ትዝ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ደጋግሜ ያነበብኩት። በ1961 ዓ.ም. መጀመሪያ ሜክሲኮ ላይ እግሩን አሞት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ወርቁን ጓዱ ማሞ ወልዴ ይዞ ገባ። አምስት ወር ያህል ቆይቶ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ቮልስዋገን መኪናው ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ ከውስጥ አልወጣም። ለሕክምና እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። በመጀመሪያ እጁም እንኳ አይታዘዝለትም ነበር። ለስምንት ወራት ያህል ታክሞ የእጆቹን ጉልበት መለሰ። እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ውድ አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ብዙ አሰብኩ። እነዚያን እግሮች ያጣ ሰው ከዚያ ወዲያ ምን ዕቅድ ይኖረዋል? ይግባኝ የማይባልበት ፍርድ ነው። አርጩሜ እንኳ ያልነካኝ እኔ ጉልበቴ ስላበጠ ብቻ ተስፋ ቆርጬ ተኝቻለሁ።

አበበ ግን አዲስ መዝገብ ከፈተ። በ1962 ዓ.ም. እዚያው እንግሊዝ፣ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በክብር እንግድነት ኖርዌይ ተጠርቶ ሄደ። እንግድነቱ አልበቃውም፤ በውሾች በሚጎተት የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ገባና አሸነፈ። የጃቶ እረኛ፣ በረዶ ላይ! በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲገባ ሕዝቡ ቆሞ ተቀበለው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። ቀብሩ በቅዱስ ዮሴፍ ሲፈጸም ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተዋል። ለቀስተኛው በአሥር ሺዎች ይቆጠር ነበር። አባቴም ከእነሱ አንዱ ነው።

እኔ ከዚህ ሕይወት የወሰድኩት ፍሬ ነገር አንድ ነው። አበበ ሁልጊዜ ያቀደው ያን ዕለት ለነበረው አካሉ ነው። ሮም ላይ ጫማው አልመች ሲለው ለባዶ እግሩ፣ ቶኪዮ ላይ ከቀዶ ሕክምና ለተነሳ ሆዱ፣ እንግሊዝ አገር ለሁለት እጆቹ። የእኔ ወረቀት ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያቅድ የኖረው አሁን ለሌለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኖሯል።

ስለዚህ የዘንድሮው ወረቀቴ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ አለ። እሱም በዘፈን የሚለካ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጉልበቴ ሲሻለኝ መራመድ ጀመርኩ፤ ደቂቃ መቁጠር ስለሚሰለቸኝ የምወዳቸውን ዘፈኖች ስልኬ ላይ ጫንኩ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማህሙድ አህመድ። ሦስቱም የዚያው የክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ፍሬዎች መሆናቸውን አስባችሁታል? አንድ ተቋም ሯጩንም ድምፃዊውንም አፈራልን። ጥላሁንም ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ ታስሮ ወጥቶ ዘፈኑን የቀጠለ ሰው ነው። እሱንም ስኳር ሕመም እግሩን አሳጥቶት እንኳ መድረክ ላይ ወጥቶ አይተነዋል፤ በ2001 ዓ.ም. እስኪያርፍ። ይህ የመጨረሻው ነገር ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት ሲሰንፈኝ ከሐኪሟ ቃል ይልቅ ይቀሰቅሰኛል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ዘፈን ተራምጄ ቤቴ ገባሁ። በየሳምንቱ አንድ ዘፈን እጨምራለሁ። ትዝታ ሲመጣ እርምጃዬ ይጎተታል፤ ችክችካ ሲመጣ ደግሞ መንገደኛ እስኪያየኝ ድረስ እፈጥናለሁ። አሁን ዘጠኝ ዘፈን ደርሻለሁ። ደረጃ አልሮጥም። ከአጠገቤ እየሮጡ የሚያልፉትን ወጣቶች ቁጥርም አልመለከትም።

ቀጠሮዬ መስከረም አጋማሽ ላይ ነው። ውጤቱ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ መድኃኒት ልጀምር እችላለሁ። ቢሆንም ወረቀቱን አልቀድም፤ በማግሥቱ አሥረኛውን ዘፈን እጨምራለሁ። ወንድሜንም አነጋግሬዋለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ በቻለው ፍጥነት አብረን እንራመዳለን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘፈኖች እሱ ይመርጣል።

እናንተም ጳጉሜን 5 ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ስታነሱ ያንን ምሽት አስቡት። አሥሩን ቁጥር ተዉት፤ አንዱ ይበቃል። እሱንም ዛሬ ላላችሁበት አካል ጻፉት።

መልካም አዲስ ዓመት!