ዳግማዊ ቴዎድሮስና የሰው ገበያ

ስለ ባሪያ ንግድ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ከ12 ሚሊዮን በላይ አፍሪካውያንን ጭነው የአትላንቲክን ውቅያኖስ ያቋረጡትን የአውሮጳ መርከቦች ነው። ይሁን እንጂ የእኛም አገር የራሷ የሰው ገበያ ነበራት። ከጊቤ አገሮች የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ ቡናውን፤ የዝሆን ጥርሱንና ዝባዱን ጭኖ፤ ሰውንም አብሮ እየነዳ ዓባይን ይሻገርና በጎጃም ከባሶ ገበያ ይደርስ ነበር። ከዚያም ወደ ጎንደር ይዘልቃል፤ ከፊሉ ወደ ምጽዋ፤ ከፊሉም በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ዛሬ በባሕር ዳር ቆሞ የጣናን ውሃ የሚመለከት ተማሪ ይህ ሁሉ በገዛ አገሩ መፈጸሙን ማወቅ ይገባዋል። ስለዚህ ይህን ንግድ በዐዋጅ ለማስቀረት የተነሡትን የዐፄ ቴዎድሮስን ሕይወት ባጭሩ እንተርካለን።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ከጣና በስተ ምዕራብ በምትገኘው በቋራ ተወለዱ። አባታቸው ከሞቱ በኋላ እናታቸው በድኽነት አሳደጓቸው። ጠላቶቻቸው እናታቸውን ኮሶ ሻጭ ናት እያሉ ያሽሟጥጡ ነበር። ካሣ በገዳም ተምረው ወደ ዘመዳቸው ወደ ደጃዝማች ክንፉ ቤት ገቡ፤ ኋላም በቋራ ቆላ ሸፈቱ። ቆላው የመተማ ነጋዴ ከሚመላለስበት መንገድ ሩቅ አይደለምና፤ ሰው እንደ ከብት ሲነዳ በዓይናቸው ሳያዩ አልቀሩም እንላለን።

ከዚያ ወዲያ ድል ድልን ተከተለ። በኅዳር 1845 በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፤ በዚያው ዓመት በሰኔ በአይሻል ራስ ዓሊን፤ በየካቲት 1847 በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን አሸነፉ። በዚያም በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ገና በነገሡበት ዓመት የባሪያን ንግድ ከለከሉ። ቀደም ብሎ ወደ አገር የገባውን ባሪያ ግን በርኅራኄ የሚገዛ ክርስቲያን እንዲወስደው ፈቀዱ። ለአብነትም ነጋዴዎች ያመጧቸውን ሕፃናት በጠየቁት ዋጋ እየገዙ ክርስትና ያስነሡ ነበር። በዚያ ጊዜ በአሜሪካ ባርነት ገና ሕጋዊ ነበር፤ በሕገ መንግሥት የተሻረው ከ10 ዓመት በኋላ ነው።

ነገር ግን እውነቱን ልንሸሽግ አይገባም። ዐዋጁ መሸጥንና መለወጥን እንጂ ባርነትን ራሱን አልሻረም፤ ገዢ እስካለ ድረስም ሻጭ አይጠፋም። ነጋዴው የሚነሣበት የጊቤ አገርም በእጃቸው አልነበረም። ከዚህ ሁሉ በላይ በየአውራጃው ዐመፅ ተነሣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ዘመናቸውን በዘመቻ ፈጁት። ቁጣቸው እየበረታ ሄዶ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው አቃጠሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፤ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ።

ሐሳቡ ግን አብሯቸው አልተቀበረም። ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ንግዱን ለመከልከል ከእንግሊዝ ጋራ ተዋዋሉ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ ባርነት ጨርሶ በሕግ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። ከደረስጌው ንግሥ አንሥቶ 87 ዓመት መሆኑ ነው።

እንግዲህ ነገ በየጽሕፈት ቤቱ ተቀምጠን ደንብ የምናረቅቅ ወጣቶች ከዚህ ሕይወት አንድ ነገር እንማር። ዐዋጅ ማውጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ዐዋጁ በየኬላውና በየገበያው እንዲጸና ማድረግ ግን ዕድሜ ይጠይቃል። በእነዚያ 87 ዓመታት በየመንገዱ የተነዱት ሰዎች የከፈሉት የዚህን መዘግየት ዋጋ ነበር።