ሦስቱ የአፈር ንጣፎች፦ የሊያንግ ስዮንግ አጭር የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ሰሞን በታሪክ ክፍለ ጊዜ የተነሣ አንድ ጥያቄ ሁላችንንም ዝም አሰኝቶን ነበር። ጽሑፍም ሆነ ቀን የሌለባቸው ሁለት ገሎች ከመሬት ቢወጡ የትኛው ቀድሞ እንደተሠራ በምን ይታወቃል? የሚል ነው። አንዳንዶቻችን አሠራሩ ያላማረው ይቀድማል አልን። ሌሎቻችን ደግሞ በግምት የመጣልንን ተናገርን። ማናችንም ግን ምክንያት ማቅረብ አልቻልንም። መልሱን ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ስናገላብጥ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ዕድሜውን የጨረሰ አንድ ቻይናዊ አገኘን። ስለዚህ የዛሬውን ዓምዳችንን ለእርሱ ሰጥተናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሊያንግ ስዮንግ የተወለደው በ1904 ነው። አባቱ ሊያንግ ቺቻው በመላ ቻይና ስሙ የገነነ ደራሲ፣ ጋዜጠኛና የለውጥ አራማጅ ነበር። በ1898 የተሞከረው የመንግሥት ማሻሻያ ሲከሽፍ ወደ ጃፓን ተሰዶ ብዙ ዓመት ኖሯል። ይህ አባት ልጆቹ አገራቸው የጎደላትን ሙያ እንዲማሩ ይፈልግ ነበር። ታላቁ ልጅ ሊያንግ ስቸንግ የሕንፃ ጥበብ ተማረ፤ በኋላም የጥንት የቻይና ሕንፃዎችን በማጥናት ታወቀ። ስዮንግ ደግሞ አርኪዮሎጂን ያዘ።

ለምን አርኪዮሎጂ? ብለን መጠየቃችን አይቀርም። በዚያን ጊዜ የቻይና ታሪክ የሚታወቀው ከጥንት መጻሕፍት ነበር። መሬት ቆፍሮ ማስረጃ የማውጣቱ ሥራ ግን ገና ጀማሪ ነው፤ የጀመሩትም በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። በ1921 አንደርሰን የተባለ የስዊድን ጂኦሎጂስት በሄናን ክፍለ ሀገር ያንግሻው በተባለች መንደር ቀይና ጥቁር ሥዕል ያለባቸው የሸክላ ዕቃዎች አገኘ። የድንጋይ መሣሪያ በሚሠራበት ዘመን የነበሩ ገበሬዎች ዕቃ ነው። አንደርሰን ሥዕሉን በምዕራብ እስያና በምሥራቅ አውሮፓ ከተገኙት ሸክላዎች ጋር አስተያየውና ጥበቡ ከምዕራብ የመጣ ሳይሆን አይቀርም አለ። እንግዲህ ጉዳዩ የማሰሮ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የአንድ ታላቅ ሕዝብ ሥልጣኔ ከራሱ መሬት በቀለ ወይስ ከውጭ ተቀዳ? የሚል ጥያቄ ነበር። ለዚህ ጥያቄ በንግግር መልስ መስጠት ይቻላል፤ በማስረጃ ለመመለስ ግን መቆፈር ግድ ነው።

ስዮንግ በ1923 ወደ አሜሪካ ሄዶ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂና አንትሮፖሎጂ ተማረ። በመጽሐፍ ብቻ አልተወሰነም፤ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የነባሮቹን ሕዝቦች ጥንታዊ መንደሮች በመቆፈር ሥራ ተካፍሏል። በመካከሉም ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ሊ ጂ የተባለው ምሁር በ1926 ሻንሺ ክፍለ ሀገር ውስጥ ሺይን በተባለ መንደር ቆፍሮ ያወጣቸውን ገሎች አንድ በአንድ መረመረ፤ የማስተርስ ጥናቱንም በእነርሱ ላይ ጻፈ። ብዙ የተመኘለት አባቱ በ1929 ሲሞት ልጁ ገና ትምህርቱን አልጨረሰም ነበር። በ1930 ትምህርቱን ፈጽሞ ተመለሰና አካዳሚያ ሲኒካ በሚባለው የአገሪቱ የምርምር ድርጅት ውስጥ ሥራ ጀመረ። የመስክ ቁፋሮን በትምህርት ቤት ደረጃ በወጉ ተምረው ከተመለሱት የመጀመሪያዎቹ ቻይናውያን አንዱ ነው።

ሥራ በጀመረበት ዓመት በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ወደሚገኘው ቀዝቃዛ አገር ወደ ሄይሎንግጂያንግ ሄዶ ቆፈረ። በ1931 መከር ደግሞ ወደ ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ተላከ። በዚያ ሎንግሻን በምትባል ከተማ አጠገብ ቸንግዝያ የተባለ ቦታ አለ። ቦታውን በ1928 ያገኘው ዉ ጂንዲንግ የተባለ ወጣት ነው። የመጀመሪያውን ቁፋሮ በ1930 ሊ ጂ መራው፤ ሁለተኛውን ስዮንግ መራ። ከዚያ የወጣው ሸክላ ሥዕል የለበትም። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ በመንኮራኩር እየተሽከረከረ የተሠራ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ጥቁር ሸክላ ምርጥ የሚባለው ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ የእንቁላል ቅርፊት ይመስላል። ቦታውም በተጠቀጠቀ አፈር ግንብ የታጠረ ነበር። ይህ ባህል በከተማይቱ ስም ሎንግሻን ተባለ።

ታዲያ የቱ ይቀድማል? ባለሥዕሉ ያንግሻው ወይስ ጥቁሩ ሎንግሻን? ያው የእኛው የክፍል ጥያቄ መጣ ማለት ነው።

መልሱ የተገኘው ሄናን ውስጥ፣ አንያንግ አጠገብ፣ ሁዋን በተባለው ወንዝ ዳር ባለው ሆውጋንግ በተባለ ጉብታ ነው። አንያንግ የሻንግ ነገሥታት የመጨረሻ ዋና ከተማ የነበረችበት፣ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው አጥንቶች የወጡባት ቦታ ናት። በዚያ ዘመን ብዙ ቁፋሮ የሚካሄደው ጥልቀቱን በሜትር እየለኩ በእኩል ልክ በመውረድ ነበር። ችግሩ አፈር በሜትር አይተኛም። የጥንት ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ጥራጊውን ጥሎበት ከሆነ የኋላው ዕቃ ከፊተኛው ጎን ይገኛል፤ በሜትር ብቻ የሚቆጥር ሰው ሁለቱን አንድ ዘመን ያደርጋቸዋል። ስዮንግ ግን የአፈሩን ቀለምና ጥንካሬ እየተከተለ፣ አንዱን ንጣፍ ከሌላው እየለየ አስቆፈረ። በ1931 በሆውጋንግ ሦስት ንጣፍ ተራ በተራ ታየ። ከላይ የሻንግ ዘመን ዕቃ፣ ከሥሩ የሎንግሻን ጥቁር ሸክላ፣ ከሁሉ በታች የያንግሻው ባለሥዕል ሸክላ። የታችኛው ቀድሞ የተጣለ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ቢያንስ በዚያ ስፍራ ያንግሻው ከሎንግሻን፣ ሎንግሻንም ከሻንግ እንደሚቀድም ተረጋገጠ። የጽሑፍ ዘመንና ከጽሑፍ በፊት የነበረው ዘመን በአንድ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ተያያዙ።

ደስታው ብዙም አልቆየ። በ1932 ጸደይ ስዮንግ ሳንባው ታመመና ሁለት ዓመት ያህል አልጋ ላይ ዋለ። እንደዚያም ሆኖ ስለ ቸንግዝያ የተዘጋጀውን ዘገባ አሰናዳ፤ መጽሐፉም በ1934 ታተመ። ቻይናውያን ራሳቸው ስለቆፈሩት ቦታ ካሳተሟቸው ታላላቅ የመስክ ዘገባዎች የመጀመሪያው ነው። ትንሽ እንደተሻለውም በ1934 መከር ተነሥቶ ከወንዙ ማዶ ሺቤይጋንግ በተባለው ስፍራ የሻንግ ነገሥታትን መቃብር ማስቆፈር ጀመረ። እስከ 1935 መጨረሻ አሥር ታላላቅ መቃብሮችና ከአንድ ሺህ በላይ ትናንሽ መቃብሮች ወጡ። በብዙዎቹ ውስጥ አንገታቸው ተቀልቶ ለነገሥታቱ መሥዋዕት የሆኑ ሰዎች አፅም ተገኝቷል። የነሐሱን ዕቃ ውበት ስናደንቅ እነዚህንም ሰዎች መርሳት የለብንም።

በ1937 ከጃፓን ጋር ጦርነቱ ተነሣና ቁፋሮው ቆመ። የምርምር ድርጅቱ ዕቃውንና መዝገቡን ጭኖ ከከተማ ወደ ከተማ ተሰደደ። ስዮንግም አብሮ ተሰደደ። በዚህ ሁሉ መካከል ለ1939 የፓስፊክ የሳይንስ ጉባኤ ስለ ሎንግሻን ባህል አንድ ጽሑፍ አዘጋጀ። በጽሑፉ ሎንግሻን የትም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም በማለት በሦስት አካባቢ ከፈለው፦ የሻንዶንግ ባሕር ዳርቻ፣ ሰሜን ሄናን፣ የሃንግጆ ባሕረ ሰላጤ። የሸክላውን ቅርፅ፣ ቀለምና አሠራር እያነጻጸረ ነው። የቱ ይቀድማል ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ የት ምን ይመስል ነበር? የሚለውን መጠየቁ ነው ትልቁ ነገር።

በ1940 ድርጅቱ ሲችዋን ውስጥ ባለችው ሊጅዋንግ በተባለች የወንዝ ዳር ከተማ ሠፈረ። እርጥበትና ችግር ያለበት ኑሮ ነበር። ስዮንግ የነገሥታቱን መቃብር ዘገባ እየጻፈ ሳለ የሳንባ ነቀርሳው ጠናበትና በ1941 እንደገና ወደቀ። ከጦርነቱ በኋላ ጎድን አጥንቶቹ ተቆርጠው የወጡበት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከእንግዲህ ጉድጓድ ውስጥ መውረድ አልቻለም። በ1948 ከታላቅ ወንድሙ ጋር የአካዳሚያ ሲኒካ አባል ሆኖ ተመረጠ። ብዙም ሳይቆይ የእርስ በርሱ ጦርነት አገሪቱን ከፈለ፤ የአንያንግ ዕቃዎችና መዝገቦች ወደ ታይዋን ተሻገሩ፤ እርሱ ግን ቤጂንግ ቀረ። እስቲ አስቡት፤ ዕድሜውን የሰጠበት ሥራ ከባሕር ማዶ፣ እርሱ ከዚህ ማዶ። በ1950 የአርኪዮሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ምክትል ዲሬክተር ተደረገና ከአልጋው ሳይነሣ ቁፋሮ ያቅድ፣ ወጣቶችን ይመክር ነበር። በ1954 ሚያዝያ ወር ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አረፈ።

ሁሉንም በትክክል አየ ወይ? ብንባል፣ አይደለም። ሃንግጆ አካባቢ ያለውን ከሎንግሻን ጋር ቆጥሮት ነበር። በኋላ ግን የራሱ ሥርና መልክ ያለው ባህል መሆኑ ታውቆ በ1959 ሊያንግጁ የሚል ስም ወጣለት፤ የሊያንግጁ ከተማ ፍርስራሽም በ2019 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በሻንዶንግ ደግሞ በ1959 ከተቆፈረው ዳወንኮው፣ ሎንግሻን በዚያ ከምን እንደበቀለ ታወቀ። በሄናንም በ1956 እና 1957 በተደረገው የምያውዲጎው ቁፋሮ፣ በዚያ አካባቢ ሎንግሻን ከያንግሻው መውጣቱ ታየ። በ1981 ሱ ቢንግቺ የተባለው ምሁር ከባልደረባው ጋር ሆኖ የጥንት ቻይናን ባህሎች በስድስት ዋና ዋና አካባቢዎች ከፍሎ፣ ሥልጣኔው እርስ በርሳቸው ከተገናኙ ብዙ ምንጮች መቀዳቱን አስረዳ። ስዮንግ በሦስት የጀመረው ክፍፍል በሌሎች እጅ ሰፋ፣ ታረመም።

ሳይጨርሰው የቀረው የመቃብሮቹ ዘገባም ጠፍቶ አልቀረም። ታይዋን የሚኖረው ባልደረባው ጋው ቹሹን ረቂቁን እያሟላ ከ1962 ጀምሮ በተከታታይ ቅጽ አሳተመው። የስዮንግን ስም አስቀድሞ ጻፈ እንጂ የራሱን ብቻ አላደረገውም።

ጓደኞቻችን፣ እኛ ነገ ተመድበን ስንሄድ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን ታሪክ እናስተምራለን። ተማሪ እጁን አውጥቶ በምን ይታወቃል? ሲለን መጽሐፉ ላይ ስላለ ነው ብለን እንዳናስቀምጠው። ሊያንግ ስዮንግ የአገሩን ክብር የሚነካ ጥያቄ ሲቀርብለት በቁጣ አልመለሰም፤ የአፈሩን ንጣፍ ከላይ ወደ ታች ቆጥሮ አሳየ። ሌላው ደግሞ እርሱ የተሳሳተውን አረመ። በታሪክ ክፍለ ጊዜ ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን ይኸው ነው፦ የትኛው ገል እንደሚቀድም ገሉን ብቻ አይቶ መናገር አስቸጋሪ ነው፤ ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ መጠየቅ ያሻል።