ኒኮሎ ብራንካሌዮን
ኒኮሎ ብራንካሌዮን ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኢትዮጵያ ነገሥታት ቤተ መንግሥት የሠራ የቬኒስ ተወላጅ ሠዓሊ ነበር። በኢትዮጵያውያን ዘንድ መርቆሬዎስ በሚል ስም ይታወቅ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ መምጣቱ
ብራንካሌዮን ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1480 አካባቢ ሲሆን፣ በዐፄ እስክንድር (1478–1494)፣ በዐፄ ናዖድ (1494–1508) እና በዐፄ ልብነ ድንግል (1508–1540) ዘመናት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በቤተ መንግሥቱ አግኝቶታል። በዚያን ጊዜ በአገሩ ረጅም ዘመን የቆየ፣ ቋንቋውን የለመደና የተከበረ ሰው ነበር።

የሥዕሎቹ ቦታ
በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጠኛው ክፍል በሦስት ይከፈላል፦ ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ። ሥዕል በዚህ ቦታ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ምእመናን የሚሰግዱለትና ዕጣን የሚታጠንለት ነው። በተለይ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ካደረጉ በኋላ የእመቤታችን ሥዕል ክብር ከፍ ብሎ ነበር። ብራንካሌዮን የደረሰው ይህ ሥርዓት ጸንቶ ሳለ ነው። የጣልያንን የፊትና የልብስ አሣሣል ይዞ ቢመጣም፣ በገበታ ላይ የሣላቸው ሥዕሎች የአገሩን ሥርዓተ አምልኮ የሚያገለግሉ ነበሩ። ስሙን የጻፈባቸው ሥዕሎች እስከ ዛሬ ተርፈዋል። በጎጃም የጌቴሴማኒ ማርያም የግድግዳ ሥዕሎችም የእርሱ ሥራ እንደሆኑ ይገመታል።

የግራ ክንድ ክርክር
ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደዘገበው፣ በአትሮንሰ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሣለው የእመቤታችን ሥዕል ብዙ ቁጣ አስነሥቶ ነበር። ምክንያቱ ሕፃኑ ኢየሱስ በእናቱ ግራ ክንድ ላይ መሣሉ ነው። ይህ በአውሮፓ የተለመደ ሲሆን፣ ቀኝ የክብር ወገን በሆነበት አገር ግን ጌታን ማቃለል ሆኖ ታየ። ሕዝቡ ሥዕሉ እንዲጠፋ ቢጠይቅም ንጉሡ ሥራውን ስለወደደው ሳይነካ ቀረ። ብሩስ ታሪኩን በዐፄ በእደ ማርያም (1468–1478) ዘመን ያደርገዋል፤ ይህ ግን ሠዓሊው ከገባበት ጊዜ ስለሚቀድም ዘገባው በጥንቃቄ መታየት አለበት። ያም ሆኖ ለምእመናኑ የአንድ ክንድ አቀማመጥ የእምነት ጉዳይ እንደነበር ያሳያል።

ከእርሱ በኋላ
እ.ኤ.አ. በ1529 ከሽምብራ ኩሬ ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ) ሠራዊት አትሮንሰ ማርያምን ጨምሮ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ዘርፎ አቃጠለ። ከሕዝቡ ቁጣ የተረፈው ሥዕል ግን የጠፋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ዛሬ የብራንካሌዮን ሥራ የሚታወቀው ከጦርነቱ በተረፉት ጥቂት ሥዕሎች ነው።