አባ ኢየሱስ ሞዓ፤ የሐይቁ መጽሐፍ ሰብሳቢ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በደረሰ ጊዜ ለእኛ ለመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የተሰጠን ሥራ፣ በመጀመሪያው ዓመት ገብተው የተማሩትን ልጆች ስም ሰብስበን ለዚህ መጽሔት ማዘጋጀት ነበር። እኛም ነገሩ ቀላል መስሎን በደስታ ተቀበልን። ነገር ግን የመጀመሪያው የተማሪዎች መዝገብ ከአንዱ ዕቃ ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር እንደ ጠፋ ተነገረን። ሽማግሌዎችን ዞረን ብንጠይቅ፣ አንዱ ሃያ ልጆች እንደ ነበሩ፣ ሌላው ከአርባ እንደማያንሱ ነገሩን፤ ስማቸውን አሟልቶ የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አልተገኘም። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሊጽፈው ይችል የነበረውን ነገር እኛ በሦስት ወር ልንደርስበት አልቻልንም።

በዚህ ስናዝን ሳለን በገዛ አገራችን፣ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት፣ መጻሕፍትን የሰበሰቡና ያለውን ነገር በጽሑፍ እንዲቀመጥ ያደረጉ አንድ አባት መኖራቸውን አስታወስን። እኚህም የሐይቅ እስጢፋኖሱ አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። ስለዚህ ታሪካቸውን በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አባ ኢየሱስ ሞዓ የተወለዱት ዳህና በተባለ አገር ነው። ዘመኑ የዛጔ ነገሥታት ላስታ ላይ ተቀምጠው አገሪቱን የሚገዙበት ነበር። ገድላቸው እንደሚተርከው፣ በጎልማሳነታቸው ወደ ትግራይ ተጕዘው ደብረ ዳሞ ገቡ። ደብረ ዳሞ በገመድ ካልሆነ በቀር የማይወጣ አምባ ሲሆን፣ አቡነ አረጋዊ ከመሠረቱት ጀምሮ የታወቀ የምንኵስናና የትምህርት ቦታ ነው። እዚያም አባ ዮሐኒ በተባሉ መምህር እጅ መነኰሱ፤ ሰባት ዓመትም በአገልግሎት ተቀመጡ። መጻሕፍትን መገልበጥ የለመዱትም በዚሁ ገዳም ነው።

ዛሬ መጽሐፍ የምንገዛ ልጆች ይህ ሥራ ምን ያህል እንደሚያደክም በቀላሉ አይገባን ይሆናል። በመጀመሪያ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይታጠባል፤ ከዚያም በእንጨት ላይ ተወጥሮ ይፋቃል፤ ደርቆና ለስልሶ ብራና ሲሆን በልክ ይቈረጣል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከልዩ ልዩ ነገሮች ተቀምሞ ይዘጋጃል፤ ቀዩ ለአርእስትና ለከበሩ ስሞች ይውላል። ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። ጽሑፉ ሲያልቅ ቅጠሎቹ ተሰፍተው በእንጨት ገበታ ይያዛሉ፤ በላዩም ቆዳ ይለብሳል። ከአንድ ቆዳ የሚወጣው ጥቂት ቅጠል ስለ ሆነ፣ አራቱን ወንጌል ብቻ ለመጻፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን መጽሐፍ መሰብሰብ ማለት እንግዲህ ሩቅ አገር ሄዶ መጽሐፉን መፈለግ፣ ባለቤቱን ማስፈቀድ፣ ቆዳውን ማዘጋጀትና ወራት ሙሉ ጐንበስ ብሎ መጻፍ ማለት ነበር።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ መጡ። ሐይቅ ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአምባሰል ተራሮች አጠገብ የሚገኝ ውብ ውሃ ነው። ገዳሙ ያን ጊዜ ዙሪያውን በውሃ የተከበበና በታንኳ የሚደረስበት ደሴት ነበር፤ ዛሬ ግን ውሃው ስለ ሸሸ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዟል። ቤተ ክርስቲያኑ ከእሳቸው በፊት በንጉሥ ድል ነዓድ ዘመን እንደ ተሠራ በአፈ ታሪክ ይነገራል። ይሁን እንጂ ቦታውን ለመላው አገር የትምህርት ምንጭ ያደረጉት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። እሳቸው በገዳሙ ውስጥ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ትምህርት ያለ መጽሐፍ እንደማይጸና ስለ ተረዱም መጻሕፍትን ማጻፍና ማሰባሰብ ጀመሩ። እንዲህ ባለ ትጋት የሐይቅ የመጻሕፍት ቤት በዘመኑ ከታወቁት ሁሉ አንዱ ሆነ።

የሥራቸው ፍሬ በደቀ መዛሙርቱ ታየ። ከሸዋ የመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ ብዙ ዓመት ከተማሩ በኋላ ወደ ሸዋ ተመልሰው፣ ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የምንለውን ገዳም መሠረቱ። በጣና ሐይቅ ላይ ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አባ ሂሩተ አምላክም ከዚሁ ትምህርት ቤት እንደ ወጡ ይነገራል። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶም መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሱት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በዚሁ በሐይቅ ተማሩ። በ1262 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ይኵኖ አምላክም ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ጋር የጠበቀ ግንኙነት እንደ ነበራቸው ገድሉ ይተርካል፤ የሐይቅ አበምኔቶችም ዐቃቤ ሰዓት በተባለ ማዕረግ በነገሥታቱ ዘንድ ታላቅ ክብር አግኝተው ነበር።

አሁን እኛን ከሁሉ ይልቅ ወደ ነካን ነገር እንምጣ። በ1273 ዓ.ም. አባ ኢየሱስ ሞዓ አንድ አራቱ ወንጌል አስጽፈው ለገዳሙ ሰጡ። መጽሐፉ በሥዕል ያጌጠ ሲሆን፣ የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕልም በውስጡ ይገኛል። ከዚህም በላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር በዚህ ወንጌል ተጽፎበታል። ይህም በአገራችን ከሚታወቁት የመጻሕፍት ዝርዝሮች ሁሉ እጅግ ከቀደሙት አንዱ ነው። ከእሳቸው በኋላ የመጡትም አባቶች በባዶዎቹ ቅጠሎች ላይ የዘመናቸውን ነገር፣ ስለ ርስትና ስለ ስጦታ፣ ስለ ሹማምንትም እየጻፉ አቈዩ።

ይህን ልማድ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉት እንለምናለን። በአባቶቻችን ዘመን የአንድ አውራጃ ታሪክ ለብቻው ተጽፎ አይገኝም ነበር፤ መንደሩ የማን እንደ ነበረ፣ በዚያ ዘመን ማን እንደ ተሾመ፣ ለገዳሙ ማን ምን እንደ ሰጠ የሚታወቀው በወንጌል ኅዳግና በባዶ ቅጠል ላይ ከሰፈረው ጽሑፍ ነው። ወንጌልን ማንም ስለማይቀድደው የአገሩ ነገር በእሱ ጥላ ሥር ተጠብቆ ቈየ። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1962 ዓ.ም. ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ያሳተሙት ጥናት እንኳ የተገኘው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በመመርመር ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን 45 ዓመት ያህል ካገለገሉ በኋላ በ1285 ዓ.ም. ገደማ ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያቸውን ኅዳር 26 ቀን ታከብራለች። ከሞቱ በኋላ በገዳሙ ላይ ብዙ መከራ ደረሰ። በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድ ጦር ሐይቅ ደርሶ የገዳሙን ሀብት እንደ ወሰደ፣ ከጦሩ ጋር የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ይተርካል። ወንጌሉ ግን ይህን ሁሉ አልፎ ለእኛ ደረሰ። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም በተነሡ ጊዜም ቍጥር 1832 ተሰጥቶት ፎቶግራፉ ተወሰደ፤ ስለዚህም ሩቅ አገር ያለ ተማሪ ብራናውን ሳይነካ ሊመረምረው ይችላል።

እንዲህ ያለ ሀብት በሐይቅ ብቻ አልተወሰነም። በአምባሰል በግሸን ማርያም መጽሐፈ ጤፉት የሚባል መጽሐፍ አለ፤ ይህን ስም ያገኘው ፊደሉ እንደ ጤፍ ቅንጣት የደቀቀ ስለ ሆነ ነው። በወሎ የእስልምና ሊቃውንት ቤቶችም በዐረብኛና በዐጀሚ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ዐጀሚ ማለት አማርኛን የመሰለ የአገር ቋንቋ በዐረብ ፊደል ሲጻፍ ነው። ከእኛም መካከል አንዳንዶቻችን በአያቶቻችን ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ አይተናል። አንድ ጓደኛችን ግን ሊያሳየን በሄደ ጊዜ፣ መጽሐፉ ቅጠል በቅጠል ለመንገደኛ እንደ ተሸጠ ተረዳ። ገንዘቡ አልቋል፤ መጽሐፉም የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። በቤተሰቡ ዘንድ ምን ተብሎ እንደ ተጻፈበት የሚያስታውስ ሰው እንኳ ጠፍቷል።

ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ሕይወት እኛ የተማርነው ይህን ነው፤ መጽሐፍ የሰበሰበ ሰው ብዙ ጊዜ ይኖራል፤ ምን እንደ ሰበሰበ ጽፎ ያስቀመጠ ግን ጥቂት ነው። ዕቃ ይሰረቃል፣ ይቃጠላል፣ ይሸጣልም፤ ዝርዝሩ ካለ ግን የጠፋው ነገር መጥፋቱ ይታወቃል። ዝርዝር የሌለው ሰው የጠፋበትንም አያውቅ።

ስለዚህ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አዲስ መዝገብ ጀምረናል። በእሱም የእያንዳንዱን ተማሪ ስም፣ የትውልድ አገርና የገባበትን ዓመት ጽፈን በሁለት ቦታ አስቀምጠናል። ከመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎች እስካሁን ያገኘነው 11 ስም ብቻ ነው። በዚህ መጽሔት መጨረሻ አንድ ባዶ ገጽ ትተናል፤ ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን የሚያስታውሱት ስም ቢኖር በዚያ ላይ ጽፈው እንዲልኩልን በትሕትና እንለምናለን። በየቤታችሁም የቈየ መጽሐፍ ወይም ደብዳቤ ቢኖር፣ ከመሸጣችሁና ከመጣላችሁ በፊት በውስጡ ያለውን ለልጆቻችሁ አስነብቡ፤ እነሱም ይጻፉት።