ለዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ መሠረት የጣሉት ሰር ጆን ቻርንሊ

በመላው ዓለም በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተበላሸ የዳሌ መገጣጠሚያቸው ወጥቶ በሰው ሠራሽ ይተካላቸዋል። ሕክምናው ዛሬ የተለመደ ቢሆንም፣ መሠረቱን የጣሉት እንግሊዛዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሰር ጆን ቻርንሊ ከስኬት የደረሱት 300 ያህል ሕሙማን ላይ የተከሰተን ውድቀት ካዩና ካረሙ በኋላ ነው።

ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1911 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው ቤሪ ከተማ ከመድኃኒት ቀማሚ አባትና ከነርስ እናት ተወለዱ። በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1935 ተመረቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሠራዊቱ የሕክምና ክፍል ግብፅ ውስጥ ሲያገለግሉ ከጦሩ መሐንዲሶች ጋር ሆነው የሕክምና መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ቶርኖና ፋይል የለመደው እጃቸው ከዚያ በኋላ ከሙያቸው አልተለየም።

ከጦርነቱ በኋላ ስለ አጥንት ንቅለ ተከላ ለማወቅ ከራሳቸው ቅልጥም ላይ ቁራጭ እንዲወሰድ አደረጉ። ቁስሉ አመርቅዞ ለተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ዳረጋቸው። እንዲህ ያለውን ድፍረት አርአያ ማድረግ ባይመከርም የሰውየውን ጠባይ ግን ያሳያል።

ወደ ዳሌ የሳባቸው ተራ የሚመስል ነገር ነበር። በጊዜው በነበረ የፕላስቲክ መገጣጠሚያ የታከሙ አንድ ሰው በተንቀሳቀሱ ቁጥር ዳሌያቸው ይንጣጣ ስለነበር ባለቤታቸው አብረው መቀመጥ ተስኗቸው ነበር። ቻርንሊ ድምፁ ከሰበቃ የመጣ መሆኑን ተረዱ። የጤነኛ ሰው መገጣጠሚያ በልም አጥንትና በፈሳሽ እየታገዘ በእጅጉ ይንሸራተታል፤ ሰው ሠራሹ ግን ይህ ስለሌለው ራሱ የሚያንሸራትት ቁስ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ዲያሜትሩ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ራስ በፕላስቲክ ጽዋ ውስጥ እንዲዞር አደረጉ። ሁለቱንም ከአጥንቱ ጋር ያያዙት የጥርስ ሐኪሞች ይጠቀሙበት በነበረ የአክሪሊክ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶው ክፍተቱን ሞልቶ የሰውነትን ክብደት ለአጥንቱ በእኩል የሚያከፋፍል እንጂ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ አልነበረም።

ለጽዋው በመጀመሪያ የመረጡት ቴፍሎን ነበር። ለዓመታት በሕመም የማቀቁ ሰዎች ቆመው ሲሄዱ የታየው ውጤት አስደሳች ቢሆንም ደስታው አልዘለቀም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቴፍሎኑ እየተፈገፈገ አለቀ፤ ብናኙም የአካባቢውን ሥጋ ማስቆጣትና የተገጠመውን ማላላት ጀመረ። ቻርንሊ የቴፍሎን ብናኝ በገዛ ጭናቸው ውስጥ አስቀብረው ከወራት በኋላ እብጠቱን በራሳቸው አካል ላይ አረጋገጡ። የተገጠመላቸውን ሕሙማን እንደገና መክፈት ግድ ሆነ።

መፍትሔው የመጣው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። በ1962 አንድ ነጋዴ ለሽመና ማሽን ክፍሎች የሚያገለግል ጠንካራ ፖሊኤቲሊን ይዞ የቻርንሊ ቴክኒሽያን ወደ ነበሩት ሃሪ ክሬቨን መጣ። ቻርንሊ ቁሱን አይተው አይረባም ብለው ተዉት። ክሬቨን ግን አለቃቸው ለስብሰባ ውጭ አገር በሄዱበት ጊዜ በመፈተሻ ማሽኑ ላይ አሠሩት፤ ፖሊኤቲሊኑ በሦስት ሳምንት የተበላው ቴፍሎን በአንድ ቀን ከሚበላው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ቻርንሊ ሲመለሱ ውጤቱን ተቀብለው በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ለመጀመሪያው ሕመምተኛ ገጠሙ። የበታች ሠራተኛ ያገኘውን ማስረጃ ተቀብሎ የራስን ውሳኔ መሻር በየመሥሪያ ቤቱ የሚታይ ነገር አይደለም።

ካለፈው ውድቀት በኋላ ግን መሣሪያው ቶሎ እንዲሠራጭ አልፈቀዱም። ለዓመታት የተሰጠው ራይቲንግተን ሆስፒታል መጥተው አሠራሩን ለተማሩ ሐኪሞች ብቻ ነበር። ሕሙማኑም በክትትል ሥር ቆዩ፤ ከሞት በኋላ መገጣጠሚያቸው ወጥቶ እንዲመረመር ፈቃዳቸውን የሰጡም ነበሩ። በቀዶ ሕክምና ክፍሉ የተጣራ አየር የሚነፍስበት ልዩ ክፍል በማሠራትና ሌሎች ጥንቃቄዎችን በማከል ከመቶ 7 ገደማ የነበረውን የኢንፌክሽን መጠን ከመቶ 1 በታች አወረዱት። በ1974 የላስከር ሽልማትን፣ በ1977 የሰርነት ማዕረግን አግኝተው በ1982 በ70 ዓመታቸው አረፉ።

ቻርንሊ ዳሌውን የሚከፍቱት በሰፊው ቀደው ሲሆን ከጭን አጥንት ጫፍ ላይ ጉብታውን ቆርጠው ያነሱና በመጨረሻ በሽቦ መልሰው ያስሩት ነበር። የዛሬ ሐኪሞች ቅየራውን በአነስተኛ ቀዳዳ፣ ጡንቻን ብዙ ሳይጎዱ ለማከናወን ይችላሉ። መገጣጠሚያው ጨርሶ ሳይበላሽ የጽዋው ጠርዝ ሲቀደድ፣ አጥንት ከአጥንት ሲጋጭ ወይም ስብርባሪ ውስጡ ሲቀር ደግሞ አርትሮስኮፒ በተባለው ዘዴ በጠባብ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ ማከም ተችሏል። ልም አጥንቱ ያለቀበትን ሕመምተኛ ግን ካሜራው አይፈውሰውም። ለእርሱ እስካሁን ያለው ዋና መፍትሔ ቅየራው ሲሆን፣ የብረት ራስ በፖሊኤቲሊን ጽዋ ውስጥ የሚዞርበት አሠራርም እስከ ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል።